«ጨምሬልዎታለሁ»፦ የእናቴ ቤት መድኃኒቶች፣ ከአዳማ (የጉዳይ ጥናት)

ከፋሲካ በኋላ በነበረው ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 2017፣ አዳማ እናቴ ቤት ስደርስ መጀመሪያ ያየሁት እግሯን ነው። ጫማዋን ተረከዙን ረግጣ እንደ ሲሊፐር ነበር የምትጎትተው። ምነው ስላት «ሙቀቱ ነው፣ አሳበጠኝ» አለች። አዳማ ውስጥ በሚያዝያ ሁሉም ነገር በሙቀት ይሳበባል፣ እኔም አመንኩና ዝም አልኩ። ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ ሲኒ ልትሰበስብ ተነሳችና ብፌውን ይዛ ቆመች። አዞራት። አንድ ደቂቃ ያህል ዓይኗን ጨፍና ቆየችና «ጾሙ ነው የጎዳኝ» አለች። ጾሙ ካለቀ ሳምንት ሊሞላው ነው።

ማታ መድኃኒቷን ስትወስድ አጠገቧ ነበርኩ። ከነጭ ፖስታ አንድ ፍሬ፣ ከሰማያዊ ካርቶን ሌላ አንድ ፍሬ። «ይሄ የድሮው ነው፤ ይሄኛው ሐኪሙ የጨመረልኝ» አለችኝ፣ ልጆቿን እንደምታስተዋውቅ ሁሉ።

ሁለቱንም ፎቶ አንስቼ ለአጎቴ ልጅ በቴሌግራም ላክሁለት። እሱ እዚያው አዳማ የግል ፋርማሲ ውስጥ ፋርማሲስት ነው። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ደወለ። ሰላምታ እንኳ አላስቀደመም።

«አክስቴ ሁለቱንም ነው እንዴ የሚወስዱት?»

አዎ። ከወር በላይ ሆኗታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ ለደም ግፊት የምትወስደው አምሎዲፒን የሚባለውን ነው፣ ለዓመታት በ5 ሚሊግራም ቆይታለች። መጋቢት ላይ ግፊቷ አልወርድ ሲል ሐኪሟ ወደ 10 አሳደገውና «መድኃኒቱን ጨምሬልዎታለሁ» አላት። እስቲ ይህችን ቃል ደግማችሁ አንብቧት። «ጨምሬልዎታለሁ» ማለት መጠኑን ከፍ አደረግሁት ማለትም ነው፣ ሌላ ደረብኩበት ማለትም ነው። ሐኪሙ የመጀመሪያውን ተናገረ፣ እናቴ ሁለተኛውን ሰማች። ከፋርማሲ የተሰጣት ደግሞ የሌላ ፋብሪካ ነበር። የካርቶኑ ቀለም ሌላ፣ በትልቁ የተጻፈው ስም ሌላ፣ የፍሬው ቅርጽ ሌላ። ስለዚህ የድሮውን 5 እና አዲሱን 10 አንድ ላይ፣ በቀን 15 ሚሊግራም ስትውጥ ከረመች። የዚህ መድኃኒት የቀን ጣሪያ 10 ነው። እግር ማሳበጥ የታወቀ ጠባዩ ነው፣ መጠኑ በጨመረ ቁጥር እብጠቱም ይብሳል።

ጥፋተኛ ልፈልግ ብዬ ነበር፣ አላገኘሁም። ሐኪሙ ልክ ነው። ፋርማሲውም ልክ ነው። እናቴም የታዘዘችውን ሳታጓድል የምትፈጽም ሰው ናት፣ ችግሩም የመጣው ከዚህ ነው።

የአጎቴ ልጅ የግፊት መለኪያውን ይዞ በባጃጅ ከተፍ አለ። 102 በ60። ለእሷ ዝቅ ያለ ነው። «ከነገ ጀምሮ የድሮውን ይተዉት፣ አዲሱን ግን እንዳያቋርጡ፤ ሰኞ ሁለቱንም ካርቶን ይዘው ሐኪምዎ ጋ ይሂዱ» አላትና ወደ እኔ ዞሮ «ትልቁን ስም ተዪው፣ እሱ የፋብሪካው ነው። ከሥሩ በደቃቅ የተጻፈውን አንብቢ፣ መድኃኒቱ እሱ ነው» አለኝ። ጉዳዩ እዚህ ላይ ባበቃ ነበር። እሱ ግን በር ላይ ደርሶ «ለመሆኑ ሌላው መድኃኒት የት ነው የሚቀመጠው?» ሲል እናቴ ሳቀች።

«የቱ ሌላ?»

ዘጠኝ ቦታ

በማግስቱ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ቤቱን በረበርነው። ቤቱ ውስጥ ስድስት ሰው አለ፦ እናቴ 68 ዓመቷ፣ አባቴ 74፣ ስኳር አለበት፣ ኢንሱሊን ይወጋል፣ ከዚያ ወንድሜ፣ ሚስቱና ሁለት ልጆቻቸው። ሴቷ 7 ዓመቷ ነው፣ ወንዱ 3። ስድስት ሰው፣ የስድስት ሰው ሕመም።

ዋናው መጋዘን የብፌው መሳቢያ ነው፣ ከመቀስ፣ ከሻማና ከባትሪ ድንጋይ ጋር ተደባልቆ። ቀጥሎ የፍሪጅ አናት። ከዚያ ፍሪጁ ውስጥ። ኩሽና መደርደሪያው ላይ፣ ከበርበሬው ጀርባ። የአባዬ ኮሞዲኖ። ቁም ሳጥን አናት ላይ የተቀመጠው የብስኩት ቆርቆሮ (ብስኩት የሚባል ነገር ከገና ወዲያ አላየም)። የእማዬ ቦርሳ። የአባዬ ኮት ኪስ። ስምንት ቦታ ሆነ። ዘጠነኛውን ያገኘችው የ7 ዓመቷ ልጅ ናት፦ የእማዬ ዳዊት ውስጥ፣ እንደ ምልክት የገባ ግማሽ ስትሪፕ።

እናቴ ተነስታ ሰፌድ አመጣች። የምስር መልቀሚያዋን። ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ሰፌዱን ጭኗ ላይ አደረገችና «በሉ አምጡት፣ እንልቀመው» አለች። ሁሉንም አፈሰስነው። ካርቶን፣ ብልቃጥ፣ ፖስታ፣ ስትሪፕ፣ ቅባት፣ ጠብታ። ቆጠርኩት፣ 74 ሆነ። እጇ ወዲያው ሥራ ጀመረ፤ አንዱን በአውራ ጣቷ ገፋ፣ ሌላውን ጠቅ፣ ጠጠር እንደምትለቅም። ይህ ሰፌድ ከማንኛውም የመደርደሪያ ዕቃ በላይ ጠቅሞናል፣ ምክንያቱም ነገሩን የእሷ ሥራ አደረገው። እኔ በፕላስቲክ ሣጥንና በቀለም ወረቀት ብጀምር ኖሮ ቤቷን ልፈትሽ የመጣሁ ነበር የሚመስላት።

ለምን ይህን ያህል እንደተጠራቀመ ጠየቅኋት። ሁለት መልስ ሰጠችኝ። «ነገ ከገበያ ቢጠፋስ?» መድኃኒት ጠፍቶ አገር ያዳረሰ ሰው ይህን አይስቅበትም፣ ደግሞ ዋጋው ከወር ወር ይለያያል። ሁለተኛው፦ «ጎረቤት ሌሊት መጥቶ በሬን ቢያንኳኳስ?» እውነቷን ነው። ሰፈሩ ውስጥ የእናቴ ብፌ ሌሊት የማይዘጋ ፋርማሲ ነው። ልጁ የተኮሰው፣ ሆዱን የቆረጠው፣ ጥርሱ የነዘነዘው ሁሉ እሷ ጋ ነው የሚመጣው። እንግዲህ ይሄን ለመጣል እጅ አያዝም።

የማን አቆጣጠር?

አባቴ መነጽሩን አድርጎ ቀን አንባቢ ሆነ። አንድ ትልቅ ብልቃጥ አነሳ፣ ዘመድ ከአሜሪካ ያመጣለት የጨጓራ ማኘኪያ ኪኒን ነው። አገላብጦ አየና «ይሄ ገና ነው፣ አንድ ወር ይቀረዋል» ብሎ ወደ ደህናው ጎን አስቀመጠው። ተቀብዬ አነበብኩት። 09/2017 ይላል።

አባቴ ያነበበው ግንቦት 2017 ብሎ ነው። ዘጠነኛው ወር ግንቦት ነው፣ ዓመቱ 2017 ነው፣ እኛ ያለነው ሚያዝያ 2017 ላይ ነው። ሒሳቡ አንድም ስህተት የለበትም። ብልቃጡ ግን የሚናገረው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ሴፕቴምበር 2017 ማለት የእኛ መስከረም 2010 ነው። አገልግሎቱ ካበቃ 7 ዓመት ከ7 ወር ሆኖታል።

ነገርኩት። ብልቃጡን ትንሽ ይዞ ቆየና «ታዲያ እስከ ዛሬ የማኝከው ምንድን ነው?» አለ። እማዬ ከሰፌዱ ቀና ሳትል «ጠመኔ» አለችው።

ተቃራኒውም ነበር። 03/2026 የሚል ካርቶን ይዞ «ይሄማ 9 ዓመት ይቆያል» ብሎ ነበር። የቀረው ግን አንድ ዓመት እንኳ የማይሞላ ጊዜ ነው። ይህ ስህተት የአባቴ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እኔ ራሴ ቢሮ ውስጥ ቀኑን ሙሉ በፈረንጅ ስጽፍ እውልና ቤት ስገባ በእኛው ነው የማስበው፣ መድኃኒት ላይ የቱን እንደማነብ ቆም ብዬ ጠይቄ አላውቅም ነበር። እዚህ አገር የሚመረተውም ሆነ ከውጭ የሚገባው፣ እጃችን የገባው ሁሉ በፈረንጅ ነው የተጻፈው። ዓመቱን ወደ እኛ ለመመለስ ከጃንዋሪ እስከ እንቁጣጣሽ ያለውን 8 ቀንሱ፣ ከእንቁጣጣሽ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ያለውን 7። ወሩን ደግሞ በቁጥሩ አትመኑት፤ የእነሱ 9 የእኛ 1 ነው ማለት ይቻላል።

ስለዚህ ወፍራም ማርከር ገዝተን እያንዳንዱ ካርቶን ላይ በእኛ አቆጣጠር ጻፍንበት። «እስከ የካቲት 2018» እንዲህ። የእነሱ አንድ ወር በእኛ ሁለት ወር ላይ ሲያርፍ ወደ ኋላ፣ ወደ ቅርቡ ወር እንጂ ወደ ሩቁ አላስጠጋንም። አባቴ ይህን ሥራ ወደደው። ጡረታ የወጣ የሒሳብ ሹም ነው፣ ቀን መመለስ ለእሱ ጨዋታ ነው።

ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ሁሉ በማግስቱ መርዝ ይሆናል ማለት አይደለም። ዋናው ችግር ጉልበቱ ስንት እንደቀረ ማንም አለማወቁ ነው። ለጨጓራ ጠመኔ ብትበላ አንድ ነገር ነው፣ ለግፊትና ለስኳር ግን እንዲህ አይቀለድም።

ሌላው ራስ ምታት የተቆረጠ ስትሪፕ ነው። ፋርማሲ ስትሄዱ 10 ፍሬ ካለው ላይ 6 ብትፈልጉ በመቀስ ይቆርጡላችኋል። ቀኑ የሚታተመው ብዙ ጊዜ የስትሪፑ አንድ ጫፍ ላይ ነው። ጫፉ ለሌላ ሰው ከሄደ ቀኑም አብሮት ሄደ። ሰፌዱ ላይ እንዲህ ያለ ቀን አልባ 11 አገኘን። ሦስቱ ስማቸውም የለም፤ የብር ወረቀቱ ላይ የቀረው የስም ግማሽ ብቻ ነው፣ «…ዞል» ብሎ የሚጨርስ። ኦሜፕራዞል ይሁን ሜትሮኒዳዞል ማን ያውቃል፣ አንዱ የጨጓራ ነው፣ ሌላው የአሜባ። የአጎቴ ልጅ «ቀኑ ያለበትን ጫፍ ስጡኝ ማለት ይቻላል፣ ማንም አይከለክልም፤ ቢያንስ ፖስታው ላይ ስሙንና ቀኑን እንዲጽፉላችሁ ጠይቁ» አለ። ይህን ያህል ቀላል ነገር በሕይወቴ ጠይቄ አላውቅም።

ሰፌዱ ላይ የተገኘው

ከ74ቱ 29ኙ ጊዜያቸው አልፏል። 11ዱ ቀን አልባ። 8ቱ ተጀምረው የተተዉ የአንቲባዮቲክና የወባ መድኃኒቶች። 6ቱ ደህና ናቸው ግን ባለቤት የላቸውም፣ ማን እንደታዘዘላቸው፣ ለምን እንደታዘዙ የሚያስታውስ ጠፋ። የቀሩት 20 ናቸው።

ከስምንቱ አንዱ የወንድሜ ኮአርተም ነበር። አዳማ ወባ አለ፣ ኅዳር ላይ ይዞት ነበር። ለአዋቂ የሚሰጠው 24 ፍሬ ነው፣ 4 4 እየሆነ ስድስት ጊዜ፣ በሦስት ቀን የሚያልቅ። ካርቶኑ ውስጥ 12 ቀርቷል። በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ሲለቀው አቆመ፣ የቀረውን «ለሚቀጥለው» ብሎ አስቀመጠ። የአጎቴ ልጅ እዚህ ላይ ትዕግሥቱ አለቀ። «ያኛውንም በግማሽ ትተኸዋል፣ የሚቀጥለውንም በግማሽ ልትጀምረው ነው!» ወንድሜ ሚስቱን አየ፣ ሚስቱ ጣሪያውን።

የብስኩት ቆርቆሮው ሲከፈት የሆምጣጤ ሽታ አፍንጫዬን መታው። አስፕሪን ነበር፣ ክዳኑ የላላ ብልቃጥ ውስጥ። አስፕሪን እርጥበትና ሙቀት ሲያገኘው ይፈርስና አሴቲክ አሲድ ይወጣዋል፣ ሆምጣጤ ማለት ነው። ቀኑ ገና አላለፈም ነበር። ይህ የገረመኝ ነገር ነው፦ ካርቶኑ ላይ ያለው ቀን የሚሠራው ካርቶኑ ላይ እንደተጻፈው ከተቀመጠ ብቻ ነው። አብዛኞቹ «ከ30 ዲግሪ በታች» ይላሉ፣ አንዳንዶቹ «ከ25»። ርካሽ የክፍል ቴርሞሜትር ገዝቼ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ቤቱን ዞርኩ። የፍሪጅ አናት 35። ፍሪጅ ውስጡን የሚያበርደው ሙቀቱን ወደ ውጭ እያወጣ ነው፣ አናቱ ላይ መድኃኒት ማስቀመጥ ምድጃ ላይ እንደማስቀመጥ ነው። በመስኮቱ በኩል ያለው ብፌ 33። በሁለቱ መኝታ ቤቶች መካከል ያለው የኮሪደር ቁም ሳጥን ግን 27። ቦታችንን አገኘን።

አሜሪካ ያለችው አክስቴ በየዓመቱ ታይለኖል ትልካለች። እናቴ እሱን «የራስ ምታት»፣ እዚህ የሚገዛውን ፓራሲታሞል ደግሞ «የትኩሳት» ብላ ለየብቻ ነው የምታስቀምጠው። ታይለኖል ላይ አሴታሚኖፌን ይላል። አሜሪካኖች ፓራሲታሞልን የሚጠሩት በዚህ ስም ነው፣ አንድ ነገር ነው። ጉንፋን ሲይዛት ሁለቱንም፣ በላዩ የጉንፋን ኪኒን ትጨምራለች፣ እሱም ውስጥ ፓራሲታሞል አለ። ለአዋቂ በቀን ከ4 ግራም ማለፍ የለበትም፣ በ500 ሚሊግራሙ 8 ፍሬ ማለት ነው። ሲያልፍ ጉበት ነው የሚጎዳው፣ ያውም ወዲያው ሳያስታውቅ። የልጆቹም ሽሮፕ እንዲሁ ሁለት ዓይነት ነበር። የእዚሁ 5 ሚሊ ሊትሩ ላይ 120 ሚሊግራም አለው፣ የአሜሪካው 160። የወንድሜ ሚስት ሁለቱንም በአንድ የሻይ ማንኪያ ነው የምትለካው። ማንኪያው ተሽሮ መርፌ የሌለው ስሪንጅ ተተካ።

የአባዬ ኮሞዲኖ ውስጥ ደግሞ ኢንሱሊን ከመጀመሩ በፊት የሚወስደው ግሊቤንክላሚድ ተገኘ፣ ክዳኑ በቀላሉ የሚከፈት ብልቃጥ ውስጥ። ሦስት ዓመት ልጅ ባለበት ቤት፣ በልጁ ቁመት ልክ። የዚህ መድኃኒት አንድ ፍሬ ብቻ የትንሽ ልጅን ስኳር አደገኛ ደረጃ ድረስ ሊያወርድ ይችላል። ልጁ ቫይታሚኑን «ከረሜላ» እየተባለ ነው የሚሰጠው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ቤት መድኃኒትን ከረሜላ ማለት ነውር ሆኗል።

ኢንሱሊኑ ፍሪጅ ውስጥ ነበር፣ ልክ ነው። አንዱ ብልቃጥ ግን ከበረዶ ቤቱ ግድግዳ ጋር ተጣብቋል። ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይፈልጋል፣ በረዶ ከሠራ ግን ቢቀልጥም አይሠራም፣ መጣል ነው። ያንን ጣልነው። የቀሩትን መሐል መደርደሪያ ላይ፣ ከግድግዳው ራቅ አድርገን አስቀመጥን። የተከፈተው ብልቃጥ ከ30 ዲግሪ እስካላለፈ ውጭ አራት ሳምንት ያህል ይቆያል። መብራት ለሚሄድበት ቀን ደግሞ እናቴ ሁለት ሸክላ አገጣጠመች፣ ትንሹን በትልቁ ውስጥ፣ መሐሉ እርጥብ አሸዋ። ደረቅ ሙቀት ላይ ይህ በደንብ ያቀዘቅዛል።

ወደ ዳዊቱ ልመለስ። ውስጡ የነበረው ስትሪፕ ዳይክሎፌናክ የሚባለው የሕመም ማስታገሻ ነበር። «ይሄስ?» አልኳት። «የጉልበቴ ናት» አለች። በዐቢይ ጾም ስግደት ነበረ፣ ጉልበቷ አላሰግድ ሲላት ጎረቤት ሰጠቻት፣ ስታልቅም ራሷ ገዛች። ከየካቲት ማብቂያ ጀምሮ በቀን አንድ፣ በሕማማት ሁለት። የአጎቴ ልጅ ስትሪፑን ይዞ ዝም አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ «አክስቴ፣ ይሄን ለሐኪሙ ነግረውታል?» አላት።

«የጉልበትን ለግፊት ሐኪም ምን ብዬ እነግራለሁ?»

ዳይክሎፌናክና ወገኖቹ ግፊት ይጨምራሉ፣ የብዙ የግፊት መድኃኒቶችን ሥራም ያዳክማሉ። መጋቢት ላይ ግፊቷ «አልወርድ» ያለው፣ ሐኪሙም «የጨመረላት»፣ በዚህ ሳይሆን አይቀርም። ስግደቱ ጉልበትን፣ ጉልበቱ ኪኒንን፣ ኪኒኑ ግፊትን፣ ግፊቱ ሌላ ኪኒንን፣ እሱም እግርን አመጣ።

ሰኞ ሐኪሙ ጋ ሄድን፣ ሁለቱን ካርቶንና የዳዊቱን ስትሪፕ ይዘን። የድሮውን ባለ 5 ሚሊግራም አስቆመ፣ ዳይክሎፌናኩን አስቆመ፣ ለጉልበቷ ፓራሲታሞል ፈቀደላት። በሁለት ሳምንት ጫማዋ ገባላት። በወሩ ግፊቷን አይቶ አምሎዲፒኑን ወደ 5 መለሰው። ያኔ እናቴ «ቀነስክልኝ ማለት ነው ወይስ አንዱን ልተው?» ብላ ጠይቃዋለች። ሐኪሙ ወረቀት ላይ ጻፈላት።

የያዘውና ያልያዘው

የተጣለውን እንዴት እንደጣልን ልንገራችሁ። ሽንት ቤት አልጨመርንም፣ ከነማሸጊያው ቆሻሻ ገንዳ ውስጥም አልወረወርንም፣ ልጆችም እንስሳትም ይበረብሩታል። የአጎቴ ልጅ የተወሰነውን ከፋርማሲው ጊዜ ያለፈባቸው ዕቃዎች ጋር ለማስወገድ ወሰደ። የቀረውን ከስትሪፑ አውጥተን ከቡና አተላና ከአመድ ጋር ለውሰን፣ ፌስታል ውስጥ አስረን ጣልነው። የቡና አተላ እኛ ቤት ሞልቷል። የአባዬ መርፌዎች ወፍራም የበረኪና ጠርሙስ ውስጥ ይጠራቀማሉ፣ ሲሞላ ክዳኑ ታሽጎ ጤና ጣቢያ ይሄዳል።

ኮሪደሩ ቁም ሳጥን ላይኛው መደርደሪያ ላይ አራት ክዳን ያላቸው የፕላስቲክ ዕቃዎች ገቡ፦ የእማዬ፣ የአባዬ፣ የልጆች፣ የጋራ። የእማዬና የአባዬ ክዳን ውስጠኛው ላይ የመድኃኒቱ እውነተኛ ስም፣ ለምን እንደሚወሰድና ስንት ሰዓት እንደሚወሰድ በእኛ ሰዓት ተጽፏል። ጠዋት 2 ሰዓት፣ ማታ 2 ሰዓት። ሐኪም ጋ ሲሄዱ ዕቃውን እንዳለ ፌስታል ውስጥ አድርገው ይዘው ይሄዳሉ። ጾም ሲገባ ሰዓቱ ስለሚዛባ፣ በተለይ የአባዬ ኢንሱሊን፣ ቀድመው ሐኪሙን መጠየቅ እንዳለባቸው ተስማምተናል። አባዬ ግማሽ ተስማማ ልበል።

ያልያዘውም አለ። የሳምንቱ ቀን የተጻፈበት የመድኃኒት ሣጥን አምጥቼ ነበር፣ ሰኞ ማክሰኞ እያለ የተከፋፈለውን። እናቴ ሦስት ቀን ሞክራ ተወችው። «ከካርቶኑ ወጥተው ስም የለሽ ሆኑ፣ አላምናቸውም» አለች። ከደረሰባት አንጻር እኔም ልከራከራት አልቻልኩም። የኮሪደሩ ቁም ሳጥን ቁልፍ ደግሞ በሁለተኛው ሳምንት ወንድሜ ኪስ ውስጥ ሆኖ ሥራ ሄደ፣ አባቴ ኢንሱሊን መርፌውን ለማውጣት እስከ 8 ሰዓት ጠበቀ። አሁን ቁልፉ ከበሩ በላይ ምስማር ላይ ነው የሚሰቀለው፣ ልጁ የማይደርስበት፣ አዋቂ ሁሉ የሚያውቀው። ደብተር ከፍተን ነበር፣ የገባውንና የወጣውን የሚመዘግብ። አባቴ ብቻ ነው የሚጽፈው፣ እሱም እንደ ባንክ ሒሳብ።

ትልቁ ድርድር በጎረቤት ነገር ነበር። እናቴን ለጎረቤት መድኃኒት አትስጪ ማለት ሰላም አትበዪ እንደማለት ነው። ስለዚህ የጋራው ዕቃ ውስጥ ለጎረቤት የሚሆን ለይተን አኖርን፦ ለምለም (ለተቅማጥ የሚበጠበጠው ዱቄት)፣ ፕላስተርና ጋዝ፣ ቴርሞሜትር፣ ቀኑ ያልተቆረጠ ሙሉ ስትሪፕ ፓራሲታሞል። አንቲባዮቲክና የግፊት፣ የስኳር፣ የወባ አይወጣም። ለምለሙንም እንዴት እንደሚበጠበጥ ለምትሰጠው ሁሉ ትናገራለች፣ አንዱ ፓኬት በአንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ፣ በ24 ሰዓት ካላለቀ ይደፋል። ስትናገር ብታይዋት ሐኪም ናት።

ነሐሴ ላይ፣ ፍልሰታ ሲፈታ፣ ሳልናገር ሄድኩና የብፌውን መሳቢያ ከፈትኩ። መቀስ፣ ሻማ፣ የባትሪ ድንጋይ። የፍሪጁ አናት ላይ ዳንቴል ብቻ። ደስ አለኝ፣ ቡና ተፈላ፣ እናቴ ዳዊቷን ከራስጌዋ እንዳመጣላት ላከችኝ። ሳነሳው አንድ ስትሪፕ ከመሐሉ ወደቀ።

አነሳሁት። ፓራሲታሞል ነው፣ ጫፉ አልተቆረጠም፣ 01/2027። ጀርባው ላይ በአባዬ እጅ ጽሑፍ፣ በማርከር፦ «እስከ ታኅሣሥ 2019»።

«እማዬ!» አልኳት።

«ቀኑ ተጽፎበታል እኮ» አለችኝና እጇን ዘረጋች፣ «ይልቅ የነበርኩበት ገጽ ጠፋኝ።»